ቀብድ ተይዞ ቤት የገባ ፕሪአምፕ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ አንድ ዕቃ ናቸው፤ ስለ ፕሪአምፕ። ፕሪአምፕ ከሲዲ ማጫወቻና ከመሰሉት የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ፣ መጠኑን አስተካክሎ፣ ስፒከሩን ለሚያንቀሳቅሰው ለፓወር አምፕ የሚያቀብል ሳጥን ነው። ድሮ የምጠየቀው ስለ ቴፕና ስለ ስፒከር ነበር። አሁን ያገለገለ ውድ ዕቃ ከውጭ እየገባ ነው መሰለኝ፣ የወሎ ሰውም ሙዚቃ ላይ እጁ አያጥርም። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ምርቃቱን ግን ለራሴ አስቀርቻለሁ።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው የምኖረው። የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። አዲስ አበባ ያገለገሉ የሙዚቃ ዕቃዎች የሚያስመጣ ሰው አንድ ባለ ቲዩብ (በትራንዚስተር ፈንታ እንደ አምፖል የሚግል የመስታወት ቱቦ ያለው) ፕሪአምፕ ቀብድ ይዞ ለአሥር ቀን ሰጥቶኛል። ዋጋውን ለሰው መናገር ያሳፍረኛል። እስካሁን የምሰማው በሲዲ ማጫወቻ፣ በተራ ፕሪአምፕና በአንድ ፓወር አምፕ ነው። አዲሱን ስሰካው ድምፁ ወዲያው ተከፈተ። ዘፋኙ ፊቴ የቆመ መሰለኝ። ባለቤቴም ‹በቃ ግዛው› አለች። እኔ ግን ጠረጠርኩ። በአሥር ቀን ውስጥ ምን ብሰማ ነው መወሰን የምችለው?»

መልስ፦ መጠርጠርህ ሸጋ ነው። «ወዲያው ተከፈተ» የሚለውን ነገር እኔም አላምነውም። አዲስ ፕሪአምፕ ሲሰካ መጀመሪያ የሚለወጠው ብዙውን ጊዜ የድምፁ መጠን ነው። ሁለት ዕቃዎችን በጆሮ ግምት እኩል አደረግኩ ብትልም እኩል አይሆኑም። ልዩነቱ ከአንድ ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) በታች ሲሆን ደግሞ ጆሮ «ይኼኛው ጮክ አለ» አይልም። «ይኼኛው ጥርት አለ፣ ቤዙ ሞላ፣ ዘፋኙ ቀረበኝ» ነው የሚለው። የማንም ሰው ጆሮ እንዲህ ነው። የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን በ1933 እ.ኤ.አ. ለክተው ያሳዩት ይህን ነው፦ ድምፅ ዝቅ ሲል ከሁሉም በላይ ቤዙ ነው ከጆሯችን የሚሸሸው። ከፍ ሲል ይመለሳል። ሻጮች ይህን በደንብ ያውቁታል።

ስለዚህ እስካሁን የሰማኸው አይቆጠርም። ባለቤትህ ያለችውም አይቆጠርም፤ ይቅርታ ታድርግልኝ።

ማስተካከያው ቴስተር ነው። ከሌለህ ፒያሳ ካሉት የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች ርካሹን ግዛ፣ ይበቃሃል። የ300 ኸርዝ ወጥ ድምፅ ሲዲ ላይ ቅዳ። ብዙ ሰው 1000 ኸርዝ ይላል። ርካሽ ቴስተር ግን ኤሲ ቮልት አስተካክሎ የሚለካው እስከ 400 ኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ነው ዝቅ ያደረግኩት። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርግ። ሁለቱን ዘንጎች ፓወር አምፑ ጀርባ፣ የግራው ስፒከር ገመድ የታሰረበት ላይ አስነካ። ዘንጎቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ አደራ፤ ፓወር አምፑን ታቃጥለዋለህ። ከዚያ በአሮጌው ፕሪአምፕ ቮልዩሙን ከታች ጀምረህ ቀስ እያልክ 1.00 ቮልት እስኪያሳይ አዙር። እዚያው ላይ ፕላስተር ለጥፍና በእስክሪብቶ ምልክት አድርግ። አዲሱን ሰክተህ ያንኑ 1.00 አምጣ። 0.99 ወይም 1.01 ቢል ችግር የለውም፤ የአንድ በመቶ ልዩነት 0.1 ዴሲቤል እንኳ አይሞላም። 1.10 ካለ ግን 0.8 ዴሲቤል ነው። ሰው ቀብዱን ትቶ ሙሉ ዋጋ የሚከፍለው በዚህች ነው።

የአዲሱ ዕቃ ቮልዩም ቀጭ ቀጭ እያለ በደረጃ የሚሄድ ከሆነ 1.00 ላይ ላይቆም ይችላል። ያኔ እሱ የቆመበትን ቁጥር ያዝና አሮጌውን ወደዚያ አምጣው።

የቀኙንም ስፒከር ለካ። ባላንሱ መሃል ላይ ሆኖ ግራው 1.00፣ ቀኙ 0.90 ካለ የቮልዩሙ ሁለት ጎኖች አብረው አይሄዱም ማለት ነው። ርካሽ ዕቃ ላይ የተለመደ ነው። በዚህ ዋጋ ግን አይታለፍም፤ ለክርክር ያዘው።

አሁን ምልክት ያደረግክበትን ቦታ ተመልከተው። ቁልፉ ገና ከመነሻው ፈቀቅ ሳይል ነው 1.00 የመጣው? እንግዲያው ስሌቱን አብረን እንየው። ሲዲ ማጫወቻ ጣሪያው 2 ቮልት ያህል ነው። ፕሪአምፑ 12 ዴሲቤል ያጎላል እንበል፣ በ4 ያባዛል ማለት ነው። 8 ቮልት ሆነ። ፓወር አምፕህ ሙሉ ጉልበቱን ለማውጣት 1 ቮልት ብቻ የሚፈልግ ከሆነ ሰባቱ ቮልት ምን ሊሠራ መጣ? ቮልዩሙ ላይ ታንቆ ይቀራል። የዚህ መዘዝ ቀን አይታይም። ማታ ልጆች ተኝተው ዝግ አድርገህ ስትሰማ ነው የሚወጣው። ቁልፉን ነካ ስታደርገው ድምፁ ይዘላል። አንዱ ስፒከር ከሌላው ይቀድማል። ከሙዚቃው ጀርባም ሽሽሽ የሚል ይሰማል። ዕቃው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ካንተ ፓወር አምፕ ጋር አልተስማሙም። ሱቅ ውስጥ ይህን አታገኘውም፣ እዚያ ሁሉም ነገር ጮክ ተደርጎ ነው የሚሰማው። ቤት ወስዶ የመስማት ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይኼ ነው። የምትፈትነው ፕሪአምፑን ብቻ አይደለም፤ ካንተ ቤት፣ ካንተ ፓወር አምፕና ካንተ ኮረንቲ ጋር እንዴት እንደሚኖር ነው።

ኢምፒዳንስም አለ፤ አንድ ዕቃ ለድምፁ ኮረንቲ የሚያሳየው ተቃውሞ ነው፣ በኦም ይለካል። የፕሪአምፑ መውጫ ከፓወር አምፑ መግቢያ ቢያንስ አሥር እጥፍ ማነስ አለበት። ትራንዚስተር ያላቸው ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ኦም ስለሆኑ ለማንም አይሰጉም። ባለ ቲዩብ ግን 2 ሺህ ኦም ሊሆን ይችላል። መውጫው ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዲሲ የሚያግድ ካፓሲተር አለ፤ 0.47 ማይክሮፋራድ ነው እንበል። ፓወር አምፕህ 47 ሺህ ኦም ከሆነ ቤዙ በ3 ዴሲቤል የሚወድቀው 7 ኸርዝ ላይ ነው፣ ማንም አይሰማውም። 10 ሺህ ኦም ከሆነ ግን 28 ኸርዝ ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውም መሳሳት ጀምሯል። ከበሮው ሆዱን ያጣል። የኢምፒዳንሱ ቁጥሮች ብዙውን ጊዜ የሁለቱም ዕቃዎች መመሪያ ላይ አሉ። ለተማሪዎችህ የቤት ሥራ ስጣቸው።

ስታቀያይር ጥንቃቄ አይለይህ። መጀመሪያ የሚጠፋው ፓወር አምፑ ነው፤ መጨረሻ የሚበራውም እሱ ነው። ፓወር አምፑ በርቶ ኬብል ብትነቅል ስፒከሩ ሊሄድ ይችላል። ካጠፋኸውም በኋላ ትንሽ ታገስ፣ ውስጡ የቀረው ኮረንቲ እስኪያልቅ። ሁለቱን ፕሪአምፖች ግን አብርተህ ተዋቸው። ባለ ሁለት ጭራ ኬብል ከሲዲ ማጫወቻው ወደ ሁለቱም ይከፈልና፣ የምታቀያይረው ወደ ፓወር አምፑ የሚሄደውን ብቻ ይሁን። ቲዩቡ ከበራ በኋላ ከአቦል እስከ ቶና ያለውን ያህል ጠብቀው፣ ከዚያ በፊት አትፍረድበት። ክዳኑን ደግሞ አትክፈት። ውስጡ ከ200 ቮልት በላይ አለ፣ ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ይቆያል።

ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ መሆኗንም አትርሳ። አየሩ ከባህር ጠለል በሩብ ያህል ይሳሳል፣ ሙቀት የማንሳት አቅሙም ይቀንሳል። አንዳንድ የቻይና ዕቃዎች ጀርባ ላይ የተራራ ሥዕልና 2000 ሜትር የሚል ምልክት የምታየው ለከፍታ ነው። ፕሪአምፑን መደርደሪያ ውስጥ አትወትፈው። ከላዩ ክፍት ይሁን።

መጠኑ ከተስተካከለ በኋላ ሌላ ሰው ያቀያይርልህ፣ አንተ አትይ። ዕቃዎቹን ከመጋረጃ ኋላ አድርጓቸው። (ጋቢ አልብሶ የደበቀ ሰው አውቃለሁ፤ በቲዩብ ላይ ጋቢ አይለበስም።) የሚያቀያይረው ሰው «ሀ» ወይም «ለ» ብሎ ለራሱ ይጻፍ፣ አንተም ገምተህ ጻፍ። አሥር ጊዜ ሞክሩ። በዕድል ብቻ ዘጠኝ ወይም አሥር ማግኘት ከመቶ አንዴ ያህል የሚሆን ነገር ነው። አምስት ወይም ስድስት ካገኘህ ግን ያ ሁሉ «ተከፈተ» ያልከው የቮልዩሙ ሥራ ነበር።

ምን ልስማ ካልክ፣ የምታውቀውን። ሻጮች የሚሰጡትን የማሳያ ዲስክ ተወው፤ እሱ በሁሉም ዕቃ ያምራል። አምባሰልና ባቲ እየሰማህ ያደግክ ሰው ነህ፣ ማሲንቆ ያለበት ምረጥ። የማሲንቆው ክር የፈረስ ጭራ ነው፣ የደጋኑም ክር የፈረስ ጭራ ነው። ጭራ ጭራን ሲፈትግ ዜማው ከመውጣቱ በፊት አንዲት ሻካራ ነገር ትቀድማለች። ደጋኑ ሲመለስ ድምፁ ለአፍታ ይታነቅና እንደገና ይነሳል። ያቺን መታነቅ አድምጣት። ደካማ ፕሪአምፕ ይለስናትና ማሲንቆው ቫዮሊን ቢጤ ይሆናል። ሌላው ደግሞ ያጋንናትና ጥርስ የሚያፋጭ ያደርጋታል። የክራር ጅማት ተመትቶ ሲሞትም ስማው፤ መጨረሻው ድረስ ትከተለዋለህ ወይስ መሃል ላይ ይቆረጥብሃል?

አንድ የድሮ ሞኖ ቅጂም ጨምር። ከድሮ ሸክላዎቻችን ብዙዎቹ ሞኖ ናቸው፤ ሁለቱም ስፒከር አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚያወጣው። ሞኖ ሲጫወት ዘፋኙ ከሁለቱ ስፒከሮች ትክክል መሃል መቆም አለበት፣ እንደ አንድ ሰው። ወደ ግራ ከተጠጋ፣ ወይም ዝቅ ስታደርገው ከቦታው ከተነሳ፣ ቴስተሩ ያሳየህን አለመመጣጠን ጆሮህ አረጋገጠልህ ማለት ነው።

መቼ እንደምትሰማም አስብበት። ቤትህ ቆርቆሮ ከሆነ ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ አትሞክረው፤ ዝናቡ ሲወርድ የሚሊዮን ብሩም የመቶ ብሩም አንድ ናቸው። በርጫ ላይ ሆነህም አትፍረድ። ምርቃና ላይ ሁሉም ፕሪአምፕ ሸጋ ነው።

ማወዳደሩን በሁለትና በሦስት ቀን ጨርሰው። ከዚያ እስከ ሰባተኛው ቀን አዲሱን ብቻ ስማ፣ ምንም ሳትመረምር። ቡና ሲፈላ፣ ፈተና ስታርም፣ ማታ ዝግ አድርገህ። አንዳንድ ዕቃ ለአምስት ደቂቃ ያስደንቅና በሦስተኛው ቀን ራስ ያሳምማል። ይህን ደግሞ ማቀያየሩ አያሳይህም። በስምንተኛው ቀን አሮጌውን መልስ። የጎደለህን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ጻፈው። መጻፍ ካቃተህ ቀብድህን ተቀበል።

ሌላ ሁለት ነገር። ቲዩቦቹ ምን ዓይነት እንደሆኑ ጠይቅ። 12ኤኤክስ7 ወይም 6ኤስኤን7 ከሆኑ እስካሁን ይመረታሉ፣ መለወጫ አታጣም። የማይታወቅ ዓይነት ከሆነ መለወጫውን አብሮ ይስጥህ። እና «በአሥሩ ቀን ውስጥ በመብራት ቢቃጠል ዕዳው የማን ነው?» የሚለውን አሁኑኑ በወረቀት ተፈራረሙ። ሰውየው ጨዋ ቢሆንም።

ጥያቄ፦ «ከኮምቦልቻ ነው የምጽፍልዎ፣ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ጓደኛዬ ሊሸጠው ያሰበውን ፕሪአምፕ ቤቴ ወስጄ እየሞከርኩ ነው። ሙዚቃ ሳይኖር እንኳ ‹እምምም› ይላል። እሱ ቤት እንዲህ አይልም ነበር። ማታ ማታ ደግሞ መብራቱ ሲደክም ድምፁም የደከመ ይመስለኛል። ስታብላይዘር ልግዛ ወይስ ዕቃውን ልመልስለት?»

መልስ፦ አብሽር፣ ዕቃው ላይ ገና አትፍረድ። እሱ ቤት ዝም ካለ በሽታው ያንተ ቤት ነው ያለው።

የኛ ኮረንቲ 50 ኸርዝ ነው። እምታውም ወይ ከዚያው ወይ ከእጥፉ፣ ከ100 ኸርዝ ነው የሚመጣው። ፓወር አምፑን አጥፋና ከፕሪአምፑ ጀርባ የሚገባውን ኬብል ሁሉ ንቀል፤ ወደ ፓወር አምፑ የሚሄደው ብቻ ይቅር። አብራው። ዝም አለ? እንግዲያው አንዱን እየመለስክ፣ በየመሃሉ ፓወር አምፑን እያጠፋህ ፈልገው።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ዲሽ ነው። ቴሌቪዥኑን ወይም ሪሲቨሩን ከፕሪአምፑ ጋር አገናኝተኸዋል አይደል? የዲሹ ኬብል ጣሪያው ላይ ከብረቱ ጋር ይገናኛል፣ በዚያ በኩል መሬት ያገኛል። ፕሪአምፑ ደግሞ በሶኬቱ በኩል ሌላ መሬት አለው። ሁለቱ መሬቶች እኩል ስላልሆኑ ትንሽ ኮረንቲ በድምፅ ኬብልህ ሽፋን በኩል ይዞራል። የምትሰማው እሱን ነው። የዲሹን ኬብል ከሪሲቨሩ ጀርባ ፍታው። እምታው ቀጥ ካለ ሌባው ተይዟል። ከዚያ ወይ ቴሌቪዥኑን ከሙዚቃው ለይተህ ታስቀምጠዋለህ፣ ወይ ፕሪአምፑ የኦፕቲካል መግቢያ ካለው በኦፕቲካል ኬብል ታገናኘዋለህ። ኦፕቲካል ብርሃን ነው የሚያስተላልፈው፣ ኮረንቲ አያሻግርም። ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ዲቫይደር መሰካትም ይረዳል።

የሶኬቱን የኧርዝ እግር ቆርጠው «በቃ ጠፋ» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። አትስማቸው። እምታው ይጠፋል፤ ውስጥ አንድ ሽቦ የተነካካ ቀን ግን ሳጥኑ ራሱ ኮረንቲ ይሆናል።

ሁሉም ተነቅሎም እምታው ካለ፣ ፕሪአምፑን ፓወር አምፑ ላይ ደርበኸው እንደሆነ እይ። የፓወር አምፑ ትራንስፎርመር ከሥር ይረብሸዋል። አንድ ክንድ ያህል አርቀው። እምታው ከስፒከሩ ሳይሆን ከሳጥኑ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ራሱ ትራንስፎርመሩ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ እጅህን ላዩ ላይ ብታሳርፍ ይሰማሃል።

ወደ ቮልቴጁ ስመጣ፣ ከመግዛትህ በፊት ለካ። ቴስተሩን የኤሲ ትልቁ ቁጥር ላይ አድርገህ ሶኬቱን እይ። ሰፈሩ ምጣድ የሚጥድበት ሰዓት ላይ አንዴ፣ እኩለ ሌሊት ላይ አንዴ። አንድ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይጎትታል፤ ፕሪአምፕ ግን 50 ዋት ቢወስድ ነው። 220ው ወደ 205 ቢወርድ ብዙ ፕሪአምፕ ግድ አይሰጠውም፣ ውስጡ ቮልቴጁን የሚያረጋጋ ሬጉሌተር አለው። የደከመው ፓወር አምፑ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ብዙውን ጊዜ ሬጉሌተር የለውም። ከ200 በታች የሚወርድብህ ከሆነ ስታብላይዘር ያስፈልጋል። ግን ለፍሪጅ የሚሸጠው፣ ጠቅ ጠቅ የሚለው፣ አንዳንዴ ያንን ጠቅታ ስፒከር ውስጥ ይጨምረዋል። ስትገዛ ሱቁ ውስጥ አስበራውና ጆሮህን አስጠጋ።

መብራት ሲሄድ ዕቃውን ከሶኬት ንቀለው። የሚገድለው መሄዱ አይደለም፣ ሲመለስ የሚመጣው ነው። ተመልሶ ትንሽ ከተረጋጋ በኋላ ሰካው።

ጥያቄ፦ «ወልዲያ ነው ያለሁት። ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ ፕሪአምፕ ይዞልኝ ይመጣል። ‹ሞክረው፣ ካልወደድከው መልሼ እወስደዋለሁ› ብሎኛል። እንደመጣ ልሰካው እችላለሁ?»

መልስ፦ አይቻልም። የአሜሪካ ኮረንቲ 120 ቮልት ነው። የሶኬት መቀየሪያ ብቻ አድርገህ 220 ላይ ከሰካኸው ሙዚቃ ሳትሰማ ጭስ ታያለህ። ሻንጣ ሳይዘጋ ጀርባውን ፎቶ አንሥቶ ይላክልህ። «100-240» ካለ ዝም ብለህ ሰካ። መምረጫ ካለው ወደ 220 ወይም 230 ይዞርና ፊውዙም በመመሪያው መሠረት ይለወጥ። «120» ብቻ ካለ ማውረጃ ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል። ፕሪአምፕ ብዙ ስለማይበላ 200 ቮልት-አምፔር ያለው ይተርፍሃል። ከኛ 50 ኸርዝ ጋር ከአሜሪካው 60 ትንሽ ሞቅ ይል ይሆናል፣ ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ እጅህን እያስነካህ ተከታተለው።

ዕቃው የጃፓን የአገር ውስጥ ከሆነ ደግሞ ልብ በል፤ 100 ቮልት ነው። የ110 ማውረጃ አይሆነውም፣ አሥር በመቶ ይበልጥበታል።

ጥያቄ፦ «ከባቲ። አባቴ ያወረሰኝ ሸክላዎች አሉኝ። የተዋስኩት ውድ ፕሪአምፕ ላይ ሸክላ ማጫወቻውን ስሰካ ድምፁ ከሩቅ እንደሚጣራ ሰው ነው። አሮጌው አምፕሊፋየሬ ላይ ግን ደህና ነበር።»

መልስ፦ ፕሪአምፕህ የፎኖ፣ ማለትም ለሸክላ ማጫወቻ የተሠራ መግቢያ የለውም። የሸክላ መርፌ የተለመደው ዓይነት የሚሰጠው 5 ሚሊቮልት ያህል ነው፤ ሲዲ 2 ቮልት ይሰጣል። የ400 እጥፍ ልዩነት ነው። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ጎልቶ ነው፣ ከ1954 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሪያ በሚባለው መስፈርት። ይህን አጉልቶና አስተካክሎ የሚመልሰው ክፍል አሮጌው አምፕሊፋየርህ ውስጥ አለ። ለአዲሱ ለብቻው የሚሸጥ የፎኖ ሳጥን መጨመር አለብህ። ሂሳብህ ውስጥ አስገባው፤ ውድ ፕሪአምፕ ሁሉ ፎኖ ይኖረዋል ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ከሐይቅ ነኝ። ባለቤቴ ሰሞኑን አንድ ሳጥን አምጥቶ ቤቱን በኬብል ሞልቶታል። ከማድ ቤት እየጠራ ‹አሁንስ? ልዩነቱ ተሰማሽ?› ይለኛል። እውነቱን ልንገርዎት፣ ለእኔ ያው ነው። ዋጋውን ስሰማ ግን ባጃጅ የሚገዛ ነው። ጆሮዬ ነው ችግሩ ወይስ እሱ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ጆሮዎ ምንም አልሆነም። ከማድ ቤት እየተጠሩ ማንም ሰው አይሰማም። ዘይት ሲንጫጫ፣ በር ላይ ቆሞ፣ «ተሰማሽ?» የሚል ሰው አጠገብ ሆኖ ደግሞ መልሱ አስቀድሞ ተነግሯል።

ክፍሉን ልጠይቅዎ። ወለሉ ሴራሚክ ነው? ግድግዳው ባዶ ነው? መስኮቱ መጋረጃ አለው? መልሱ አዎ፣ አዎ፣ የለውም ከሆነ፣ የባጃጅ ዋጋ ከማውጣት በፊት መሬቱ ላይ ወፍራም ምንጣፍ፣ ከስፒከሮቹ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ አንድ ባና መስቀል ይቅደም። አንዴ ያጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ ጥርር የሚል ከተከተለ፣ ያ ጥርርታ በየዘፈኑ ውስጥ አለ፣ ማንኛውም ፕሪአምፕ አያወጣውም። ስፒከሮቹም ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ከሆነ ሁለት ክንድ ያህል ወደፊት ያውጧቸው። ይህ ሁሉ ከቤት ዕቃ የማያልፍ ወጪ ነው፣ ለውጡንም ከማድ ቤት ሳይሆን ሳሎን ተቀምጠው ይሰሙታል። እኔ ቤት እንዲህ ሳይደረግ ፕሪአምፕ አይገባም።

ፕሪአምፑ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ክፍሉ ሲስተካከል ልዩነቱ ለሚፈልገው ሰው ይወጣል። ግን እሱ ብቻውን ዳኛም ተከሳሽም መሆን የለበትም። እርስዎ ዳኛ ይሁኑ። ለመምህሩ የጻፍኩትን የቴስተር አሠራር ባለቤትዎ ይሥራው፣ ኬብሉን ግን እርስዎ ያቀያይሩ፤ ፓወር አምፑ ጠፍቶ። እሱ ጀርባውን ይስጥ። የትኛው እንደሚጫወት በብጣሽ ወረቀት ይጻፉ፣ ፊትዎ ላይም እንዳያነብ። አንዳንዴም ሳይቀይሩ የቀየሩ ይምሰሉ፤ የተፈቀደ ነው። ከአሥር ዘጠኝ ካገኘ ገንዘቡ ላይ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። አምስት ካገኘ ሳጥኑን ከነኬብሉ ጠቅልሎ ይመልስ።

ውጤቱን ይጻፉልኝ። ባለቤትዎ ከተሸነፈ ስሙን አናወጣም።